መርዶ ነጋሪው ሻምበል

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ኮምቦልቻ ቤታችን በር ላይ ጢሙ ደረቱን የነካ ሰው መጥቶ ቆመና «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ። እናቴ ሰላምታውን አልመለሰችም። ዝቅ ብላ እግሩን አየች። በአንዱ እግሩ የወታደር ከስክስ፣ በሌላው የላስቲክ ጫማ ነበር ያደረገው። ከዚያ ቀና ብላ ፊቱን አየችና ጮኸች። አባቴ ነበር።

ያገለገለበት ጦር ከሰሜን ፈርሶ፣ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበትኖ፣ እሱ ደግሞ በየገበሬው ቤት እያደረ፣ የሰጡትን እየቀመሰ በእግሩ መጥቶ ነው። መድፈኛ ነበር። ዓመታት ከመድፍ አጠገብ ቆሞ ስለኖረ ግራ ጆሮው ጨርሶ ጠፍቷል፣ ቀኙም ግማሽ ነው። እናቴ እያለቀሰች «ማን አመጣህ?» ስትለው «በልቻለሁ፣ በልቻለሁ» ብሎ መለሰላት። እኔ ልጅ ነበርኩና ሳቅኩ።

በማግስቱ አክስቴ ከደሴ ወረደች። የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ከአያቴ ቤት ነበር የምትኖረው። ባሏ በዚያው ጦር ውስጥ ሹፌር ነበር። ተጋብተው ጎጆአቸው ሳይሞቅ ነው ወደ ሰሜን የሄደው። አክስቴ አባቴ ፊት በርከክ አለችና በቀስታ «እሱስ?» አለች። አባቴ አልሰማትም። ደግማ አለችው፤ አሁንም አልሰማም። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና «ባሌስ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

አባቴ አቀረቀረ። «አላየሁትም፣ እህቴ። እሱ በሌላ ግንባር ነበር። አብሽሪ፣ የተማረከ አለ፤ ወደ ሱዳን የተሻገረም ብዙ ነው።»

ለማጽናናት ብሎ ነው። አክስቴ ግን ያቺን «አብሽሪ» ይዛ ዓመታት ተቀመጠች። ዳንቴል እየሠራች ትሸጥ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዋን በዘንቢል ይዛ ኮምቦልቻ ትመጣና እኛ ቤት ታድራለች። እኔንም መርፌ አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሽማግሌ ሲላክባት «ባል አለኝ» ትላለች። ማንም አፍ አውጥቶ «ሞቷል» አላላትም፤ ማን አይቶ? መርዶ የሚነግር ሰው ሬሳ ያየ፣ ወይም ካየ ሰው የሰማ መሆን አለበት። ስለዚህ አልተለቀሰም፣ ሶደቃም አልወጣም። የባሏ ኮት በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ኖረ።

አባቴ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። «አንተን አላህ ለዚህ ሥራ ፈጥሮሃል» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ሌላው ሰው ከሞተሩ ጩኸት ሸሽቶ ደጅ ሲወጣ እሱ ዱቄት ለብሶ እንደ ሙሽራ ይቀመጣል። ደስተኛ ነበር ብዬ አስባለሁ። ስለ ጦርነት አያወራም ነበር።

ከዚያ የድንበሩ ጦርነት መጣ። ሬዲዮው ሙያ ያላቸውን የቀድሞ ወታደሮች መጥራት ጀመረ። አባቴ ሬዲዮውን ከቀኝ ጆሮው ለጥፎ ሲሰማ እናቴ ገብቷታል።

«ያ ጦር ምን ሰጠህ?» አለችው። «አንድ ከስክስ! ያውም ያንዱን እግር!»

«ልዋጋ አይደለም የምሄደው።»

«እና ለሰርግ ነው?»

«ልጆቹ መድፉን አያውቁትም» አለ። «የሚያስተምራቸው ከሌለ የሚፈጁት ራሳቸውን ነው። ልጆች ናቸው፣ ትናንት የዘመቱ። አላህ በማውቀው ነገር ይጠይቀኛል።»

እናቴ በሶ ቋጠረችለት።

በዚያ ሰሞን የኮምቦልቻ ዋና መንገድ ወታደር ጭነው ወደ ሰሜን በሚሄዱ መኪኖች ተሞላ። ሴቶች ዳቦና ቆሎ በሰፌድ፣ ውሃ በጆግ ይዘው ከመንገዱ ዳር ይቆማሉ። ኋላ የተጫኑት ልጆች እየዘፈኑ እጃቸውን ይዘረጋሉ። አክስቴም ከደሴ እየወረደች ከእኛ ጋር ትቆም ነበር። እሷ ግን ውሃዋን የምታቀብለው ጋቢና ውስጥ ላሉት ሹፌሮች ብቻ ነበር። ቀና ብላ የእያንዳንዱን ሹፌር ፊት ታያለች፤ ጆጉን ትቀበልና ወደሚቀጥለው መኪና ትሄዳለች። ያኔ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃድ ሲመጣ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። አወራ! አብዝቶ የሚያወራው ስለ አንድ ሻምበል ነበር። ሻምበሉ ከቀድሞዎቹ ታጋዮች ወገን ነው፤ አገሩ እዚያው ሰሜን፣ አማርኛው ትግርኛ የተጫነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ይለናል አባቴ፣ የድሮ ወታደርና የድሮ ታጋይ አንድ ድንኳን ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ነበር የሚተኙት። ምሽግ ሲቆፍሩ ግን ዶማው አንድ ነው፣ እየተቀባበሉ ነው የሚቆፍሩት። አንድ ቀን ሻምበሉ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ያኔ የት ነበሩ?» አለው።

አባቴ የተራራውን ስም ነገረው። ሻምበሉ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ከማዶ ያለው ጉብታ ላይ እኔ ነበርኩ! ሻይ ባፈላን ቁጥር ትመቱን የነበራችሁ እናንተ ናችሁ?»

«ጢሱ ይታየን ነበራ።»

«ጣሳዬን ሰበራችሁብኝ። ደካማ ተኳሽ ነበሩ ማለት ነው፤ እኔ ይኸው በሕይወት አለሁ።»

አባቴ ይህን ሲነግረን አሁንም ቅር እንዳለው ነበር። «እኔ ደካማ ተኳሽ አይደለሁም» አልኩት አለን። «ጣሳው ላይ ነው ያነጣጠርኩት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሻይ አብረው ማፍላት ጀመሩ።

ጦርነቱ በስምምነት ቆመ፤ አባቴ የዘመተበት ዕዝ ግን ወደ ቤቱ አልገባም። ያ ሁሉ ሠራዊት እዚያው ድንበር ላይ ቀረ፤ በማዶም ሌላ ሠራዊት አለ፣ መሐሉ ባዶ ሜዳ። ሰላምም አይሉት ጦርነት። እንግዲህ ስለዚያ ዕዝ ሰው ብዙ ያወራል፤ እኔ የማውቀው ከአባቴና ከሻምበሉ አፍ የሰማሁትን ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ምሽጉ ይናዳል፣ እንደገና በድንጋይ ይገነቡታል። ከምሽጉ ኋላ ጎመንና ቃሪያ ይተክላሉ። አዝመራ ሲደርስ ወንዶች ልጆቿ የሞቱባትን ባልቴት ማሳ ወታደሮቹ ወርደው ያጭዳሉ፤ እሷም ጠላ ጠምቃ ትጠብቃቸዋለች፤ ሙስሊሞቹን ደግሞ አትረሳም፣ እርጎ ታስቀምጥላቸዋለች። ጺም ሳያበቅል የዘመተ ልጅ ሽበት አወጣ። ከደቡብ የመጣው የሰሜኑን ቋንቋ ለመደ፣ አንዳንዱም እዚያው አገባ። አባቴ «ምሽግ ሲሰነብት መንደር ይሆናል» ይል ነበር።

ሻምበሉ ቤታችን የመጣው በዚያ ዘመን ነው። ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ አባቴም በፈቃድ ስለነበር ይዞት ገባ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይን አፋር ሰው። እናቴ ወዲያው ወደ ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ሮጠች። በእኛ አገር ደንብ ነው፤ የእነሱ እንግዳ እኛ ቤት ሲመጣ ዶሮው በእነሱ እጅ ይታረዳል፣ በእነሱ ድስት ይሠራል፣ እኛ ቤት ይበላል። ጎረቤታችን ወጡን በራሷ ድስት ተሸክማ ስትገባ አክስቴ ጥግ ላይ ዳንቴሏን ትሠራ ነበር። ሻምበሉ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ቅላጼውን ሰማች። ክሯን ጠቀለለች። ዘንቢሏን አነሳች።

እናቴ ተከትላት ወጣች። የአክስቴ ድምፅ ከደጅ ይሰማናል። «ባሌ የት እንደደረሰ የሚያውቁ ሰዎች ዶሮ ይበሉ። እኔ ቤቴ እገባለሁ።» መናኸሪያ ሄዳ ደሴ ተሳፈረች።

ሻምበሉ ጉርሻውን ይዞ ቀረ። «ምን ሆነች?» አለው አባቴን። አባቴ ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎት ነገሩን ሁሉ ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ ነገረው። ሻምበሉ ከዚያ በኋላ ብዙም አልበላም።

ቢሆንም መምጣት አልተወም። ወደ ሰሜን ሲያልፍም ሲመለስም ይገባል፤ ነጭ ማር በጣሳ ይዞ ይመጣል። አባቴ የቀኝ ጆሮውም እየከዳው ሲሄድ ከዕዙ ተሰናብቶ ወፍጮ ቤቱ ተመለሰ። ሻምበሉ ያኔም ይመጣ ነበር። ቅዳሜን ግን ይሸሻል፤ የአክስቴ ቀን መሆኑን ያውቃል።

አንድ ክረምት ተሳሳተ። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ዓርብ የሚደርሰው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ደረሰ። አባቴ ወፍጮ ቤት፣ እናቴ ገበያ ነበሩ። እኔና አክስቴ ክር እናጠነጥናለን። በር ሲንኳኳ እሷ ተነሥታ ከፈተች። ዝናቡ ይወርዳል፤ እሱ ካፖርቱ በስብሶ ቆሟል፤ ሲያያት ወደኋላ አለ።

«ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» አለ።

አክስቴ በሩን እንደያዘች ቆየች። «ግባ» አለችው በመጨረሻ። «ዝናብ ላይ ሰው አይቆምም።»

የአባቴን ጋቢ አምጥታ ሰጠችው። ሻይ ጣደች። ሻዩን ፊቱ ስታስቀምጥለት እዚያው ቆማ ቀረች።

«እጠይቅሃለሁ» አለች። «እንዳትዋሸኝ።»

«አልዋሽዎትም።»

«የኛን ሰዎች ሬሳ ስታገኙ ምን ታደርጉ ነበር?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጊዜ ካገኘን እንቀብር ነበር። ጊዜ ያጣንበትም አለ።»

«ወዴት አዙራችሁ?»

አልገባውም። እኔን አየኝ። «ወደ ቂብላ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «ሙስሊም ፊቱ ወደዚያ ነው የሚዞረው።»

«እኔ አላውቅም ነበር» አለ። «ሙስሊም ጓዶች ነበሩን። እነሱ አንዳንዱን በአንገቱ ክታብ፣ አንዳንዱን በኪሱ መቁጠሪያ፣ በሙስበሃው፣ እየለዩ ያዞሩ ነበር። ሁሉንም ለዩ ብዬ አልምልልዎትም።»

አክስቴ ተቀመጠች። ከቆመችበት ወለሉ ላይ፣ ፊት ለፊቱ።

«ሹፌር ነበር» አለች።

«አውቃለሁ። ሃምሳ አለቃ ነግሮኛል። እህቴ፣ እኔ ባልዎን አላየሁም። አይቼም እንደሆነ አላውቀውም። የተማረኩት ግን ሁሉም ተለቀዋል፤ ሱዳን የሄዱትም ተመልሰዋል። በሕይወት ያለ ሹፌር ይህን ሁሉ ዓመት ቤቱን አያጣውም። ታናሽ ወንድሜ እዚያው ሞቷል። በናንተ መድፍ ይሁን በሌላ አላውቅም። ለናቴ ግን መርዶ ደረሳት። አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፣ ተዝካሩን አወጣች፤ ዛሬ ስሙን ጠርታ ትስቃለች። ለርስዎ ግን የነገረዎት የለም። የኛ ወገን መርዶ የሚነግርበት ወግ አለው፤ የናንተን ግን የሚነግር መንግሥት አልቀረም ነበር።»

አክስቴ ጣቶቿን ታያለች።

«ማንም ካልነገረዎት» አለ ሻምበሉ፣ «እኔ ልንገርዎት?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ ክሩን ያለ ልክ እንደጠቀለልኩት አስታውሳለሁ። አክስቴ ቀና አለች።

«እዚህ አይደለም» አለች። «በአባቴ ቤት። በወጉ።»

ከዚያ እናቴና አባቴ መጡ፤ ነገሩ ተነገራቸው። አክስቴ በዚያው ምሽት ደሴ ሄደች። እንዳላወቀ ሰው ከአያቴ ቤት ራቷን በልታ ተኛች። በእኛ ዘንድ መርዶ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገር፤ ስለዚህ አባቴ፣ ሻምበሉ፣ የሰፈራችን ሸህና የክርስቲያኗ ጎረቤታችን ባል ገና ሳይነጋ በኮንትራት ሚኒባስ ወደ ደሴ የሚያደርሰውን የሐረጎን ዳገት ወጡ። እናቴና እኔም ከኋላ ወንበር ነበርን። ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ ነው የሚነዳው። ሻምበሉ ጋቢ ለብሷል፤ የደንብ ልብሱን እኛ ቤት ትቶታል።

ቧንቧ ውሃ ስንደርስ አያቴ የሱብሒ ሶላት ሰግደው ገና ከመስገጃቸው አልተነሡም። በሩን ሲከፍቱ ያን ሁሉ ሰው አዩ።

«በኸይር ነው?» አሉ።

ሸሁ ወደ ሻምበሉ ዞሩ። ሻምበሉ ራሱን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ እኔ ያኔ በወዲያ በኩል የነበርኩ ሰው ነኝ። አማችዎ በኔ እጅ ይሙት በሌላ አላውቅም። ግን ሞቷል። የሚነግራችሁ ስለጠፋ እኔ መጣሁ።»

አያቴ ለረጅም ጊዜ አዩት። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። «አንተም ያኔ ልጅ ነበርክ። ግባ፣ ልጄ፣ ብርድ ነው።»

አክስቴ ከጓዳ ወጣች። ፀጉሯን ፈታ ነበር። ያን የመሰለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም፤ ዓመታት ሙሉ የተከማቸ ነው። ኮቱን ከግድግዳው አውርዳ አቀፈችው። ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አግዳሚ ወንበር እየተሸከመ መጣ። እናቴ «እሰይ፣ አልቅሺ፣ አልቅሺ እህቴ» እያለች ጀርባዋን ትደባብሳለች።

ሻምበሉ ተሰናብቶ ይሄዳል ብለን ነበር፤ አልሄደም። ድንኳን ሲተከል ካስማ መታ፣ ከቦኖ ውሃ ቀዳ፣ ለቀስተኛ አስተናገደ። የማያውቁት ሰዎች «የሟች ወንድም ነው?» እያሉ አባቴን ይጠይቁታል። አባቴ ጥያቄውን ይስማ አይስማ እንጃ፤ «አዎን» ነበር የሚለው። ሶደቃው ወጣ፣ ዱዓው ተደረገ። ሸሁ «ዒዳዋን ከዛሬ ትጀምር» አሉ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ዳግም ከማግባቷ በፊት የምትጠብቀው ጊዜ ነው። ሻምበሉ ሲሄድ አክስቴ ፊቷን ሸፍና ደጃፍ ድረስ ሸኘችው። «አላህ ይስጥልኝ» አለችው።

ዒዳዋን ስትጨርስ አክስቴ ሌላ ሰው ሆነች። ወፈረች። መሳቅ ጀመረች። እኔ እስከዚያ ድረስ ሳቋ እንደዚያ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር። ኮቱን ለአንድ ምስኪን ሽማግሌ ሰጠችው። ወፍጮ ቤት እህል ይዞ የሚመጣ ሚስቱ የሞተችበት የቢስቲማ ሰው ነበር፤ አባቴን ወዳጁ አደረገና ሽማግሌ ላከ። በዚህ ጊዜ «ባል አለኝ» አላለችም። ኒካሑ አያቴ ቤት ታሰረ። ለሻምበሉ ዶሮ ለማሳረድ ጎረቤት የሄደችው ራሷ ሙሽራዋ ናት፤ እናቴ «አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ!» እያለች ብትቆጣም አልሰማቻትም።

ሻምበሉ በዓመቱ እናቱን ይዞ መጣ። ዓይናቸው ተጋርዶ አዲስ አበባ ሊያሳክማቸው ነው። ትንሽዬ አሮጊት፣ አንገታቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ፣ አማርኛ የማያውቁ። እኛ ቤት ጥቂት ቀን አረፉ። አክስቴ ያኔ እርጉዝ ነበረች፤ ከቢስቲማ መጥታ እሳቸውን የምትንከባከበው እሷ ሆነች። ደጅ ታወጣቸዋለች፣ እግራቸውን ታጥባቸዋለች፣ አንድ አልጋ ላይ አብራቸው ትተኛለች። እሳቸው በትግርኛ፣ እሷ በአማርኛ፣ ቀኑን ሙሉ ያወራሉ። «ምን ተባባላችሁ?» ስላት «እኔ እንጃ» ትለኛለች። «ልጃቸውን እየነገሩኝ መሰለኝ። እኔም የኔን ነገርኳቸው።» አንድ ጊዜ እጃቸውን ይዛ ሆዷ ላይ አኖረችው። አሮጊቷ «ጓለይ፣ ጓለይ» አሉ፤ ልጄ ማለት ነው። ይህን ማንም ሳይተረጉምላት ገባት።

ሕክምናው ተሳካ። ሲመለሱ ሻምበሉ እናቱን እየመራ ሳይሆን እሳቸው ቀድመው ገቡ። በሩ ላይ ቆሙና ሁላችንንም በየተራ አዩን። እናቴን አዩ፣ አለፏት። እኔን አዩ፣ አለፉኝ። አክስቴ ሆን ብላ አፏን ይዛ ዝም ብላለች። ከዚያ አላስቻላትም፤ «እንኳን ደኅና ገቡ» አለች። አሮጊቷ በድምፁ ዞሩና ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። አንድ ነገር ተናገሩ።

ሻምበሉ ሳቀ። «በድምፅሽ የኔ እኩያ መስለሽኝ ነበር፣ ገና ልጅ ነሽ እኮ ትላለች።»

አክስቴ ያን ቀጭን ሳቋን ሳቀች። ከዚያ ሁለቱም ተቃቅፈው ማልቀስ ጀመሩ፤ እናቴ «በሉ አሁን ይብቃ፣ የተፈወሰ ዓይን ነው» ብላ አላቀቀቻቸው።

በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘናቸው። አሮጊቷ መስኮት ዳር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብለው እዚያው ተቀመጡ። ሻምበሉ እንደነገረን ከአዲስ አበባ እስከ እኛ ድረስ ለአፍታ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ በመንገድ ያዩትን ሁሉ፣ ግመሉን፣ መንገድ ዳር የተደረደረውን ሐብሐብ፣ የቦርከናን ውሃ፣ በስሙ ሲጠሩ ነው የመጡት። አክስቴ በመስኮቱ ሙዝ አቀበለቻቸው። አውቶቡሱ ተነሣ። እሳቸው ግን ወደ ኋላ አላዩንም፤ ፊታቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ከፊት የሚመጣውን ተራራ ያዩ ነበር።